መሐረብና ታኬታ

ቅዳሜ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ከደሴ ጣሪያዎች ላይ ሳይነሳ፣ አምስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን የልጅ ልጄን እጅ ይዤ ወደ ኳስ ሜዳ መውረድ ከጀመርኩ ሦስት ወር አልፎኛል። ልጁ ታኬታ አጥልቆ፣ ጋምባሌ አስሮ፣ ጉልበቱን የሚሸፍን ማልያ ለብሶ ከፊት ከፊቴ ይፈነጥዛል፤ እኔ ደግሞ ጋቢዬን ተከናንቤ የእርሱን ውሃ፣ የእርሱን ሙዝና የእርሱን ትርፍ ካልሲ ተሸክሜ እከተላለሁ። በእኛ ዘመን ኳስ ማለት ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ መስፋት ነበር፤ ሰውነት ማሟሟቅ ማለትም ያመለጠችውን ኳስ ከገደል ማምጣት ነበር። ደሴ ላይ ሜዳ የተባለ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ያመለጠች ኳስ ተንከባልላ ቦርከና ወንዝ ትገባለች፤ የቦርከና መንገድ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ነው። እዚያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ፣ በልጅነቱ ጫማና ኳስ የሚያመጣለት ወንዙ እንደነበረ እስከ ዛሬ ያወራል። በእርሱ አባባል ኮምቦልቻ ማሟሟቅ የሚባል ነገር አያስፈልጋትም፤ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ከተማ ልጆቿ ከቤታቸው የሚወጡት ተሟሙቀው ነው።

እኛ ግን ደጋ ነንና ማሟሟቅ ያስፈልገናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔና ሌሎቹ ወላጆች በሜዳው ዳር ካሉት ድንጋዮች ላይ ተደርድረን፣ ቅመም የበዛበት ሻያችንን ይዘን፣ ልጆቻችን በመስመር ተሰልፈው በፊሽካ ሲሮጡ ለማየት ተዘጋጀን። አሰልጣኙ ወጣት ነው። አሥራ ሁለቱን ሕፃናት ሰበሰበ፣ ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረገ፣ ከኪሱም ቀይ መሐረብ አወጣና ለአንዷ ልጅ ሰጣት። ልጅቱ ክቡን በውጭ በኩል እየዞረች «መሐረቤን ያያችሁ!» ስትል የተቀመጡት በአንድ ድምፅ «አላየንም ባካችሁ!» ብለው መለሱ።

ከድንጋዩ ላይ የነበረው ዝምታ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። አዲስ ቱታ ለብሶ ከልጁ የበለጠ ስፖርተኛ መስሎ የመጣ አንድ አባት ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄማ ሰፈርም አለ፤ ለዚህ ነው በወር የምንከፍለው?» አለኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም ከእርሱ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም። ሰው በነፃ የሚያውቀውን ነገር ገንዘብ ከፍሎ ሲያየው የተዘረፈ ይመስለዋል።

ባለ ቱታው ማጉረምረሙን በታሪክ አስደግፎ ቀጠለ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁ መሐረብ ሲፈልጉ አልነበረም አለ። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያ ሰዎች በልጅነታቸው መሐረብ ሳይፈልጉ አልቀሩም፤ በዚህ አገር አድጎ ያልፈለገ ሰው አላውቅም። ግን ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆዱ ከ1954ቱ ዋንጫ ጋር የሚከራከር ማን ነው?

በሁለተኛው ሳምንት ወላጆች ተሰባስበን አሰልጣኙን አነጋገርነው፤ ማነጋገር የምንለው ስምንት ሆነን አንዱን መክበብ ነው። ልጆቹ ሜዳውን አሥር ዙር ቢሮጡ፣ ከዚያም ተሰልፈው በየተራ ቢመቱ የሚሻል መሆኑን አስረዳነው። አሰልጣኙ «አብሽሩ» ብሎ ጀመረና ቀስ ብሎ ሒሳብ አሰበልን። አሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ቢሰለፉና እያንዳንዱ 20 ሰከንድ ቢወስድ፣ አንዱ ልጅ ኳስ ነክቶ ዳግም ተራው እስኪደርሰው 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይቆማል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ ሣር ይነጫል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ የፊተኛውን ማልያ ይጎትታል፣ በመጨረሻም ሽንቱ ይመጣል። ሜዳውን መዞርም ለትልቅ ሰው እንጂ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ሕፃን የሚሮጠው የሚያባርረው ወይም የሚሸሸው ነገር ሲያገኝ ነው እንጂ እንዲያው ሩጥ ስለተባለ አይደለም። በመሐረቡ ጨዋታ ግን መሐረቡን ከኋላው ያገኘ ልጅ ኳሱን በእግሩ እየገፋ ጣዩን ያሳድዳል፤ አሰልጣኙ መሐል ላይ «ዙር!» ሲል ሁለቱም አቅጣጫ ይቀይራሉ፤ የተቀመጡትም ቢሆኑ መሐረቡ እነርሱ ጋ መውደቁን ለማየት አንገታቸውን ሲያዞሩ ይውላሉ። የባርሴሎናው ዣቪ ኳስ ሳይደርሰው በፊት በግራ በቀኝ ትከሻው ላይ ወደ ኋላ በማየት ይታወቅ ነበር፤ አሰልጣኙ የሚፈልገው ያንን አንገት ነው።

ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ማናችንንም አላሳመነም፤ ምክንያቱም መሐረቡ አሁንም መሐረብ ነው።

ወጣቱ ግን የዋዛ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ስንመጣ በሜዳው ጥግ ካርቶን ተሰቅሎ አገኘን። በትልልቅ ፊደል «የአካባቢ ቅኝትና ፈጣን የአቅጣጫ ለውጥ ልምምድ፣ ደረጃ አንድ» ይላል። ከሥሩ ቀስቶችና ክቦች ተሥለዋል። ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው ካርቶኑን ፎቶ አነሱ፤ ባለ ቱታው «አሁን ገና ሥልጠና ሆነ» አለ፤ አንዲት እናትም ደረጃ ሁለት መቼ እንደሚጀመር ጠየቁ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ያው ቀይ መሐረብ ከያው ኪስ ወጣ። የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «አባባ፣ ዛሬም መሐረቤን ያያችሁ ነው!» ብሎ ሲጮህ እንዳልሰማ ሆኜ የጋቢዬን ጥለት አስተካከልኩ።

ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ በየሳምንቱ እየረዘመ ሄደ። አኩኩሉ «በምልክት የተመራ የኳስ ቁጥጥር» ሆነ። ይህን ጨዋታ፣ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እርሱን ስለሆነ፣ ትንሽ ላብራራው። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ «አኩኩሉ!» ሲል ሁሉም «አልነጋም!» እያሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኳስ እየገፉ ወደ እርሱ ይቀርባሉ፤ «ነጋ!» ብሎ ሲዞር ኳሳቸውን በጫማቸው ሶል ረግጠው እንደ ሐውልት መቆም አለባቸው። የተንቀሳቀሰ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማንም ሳይነግራቸው ኳሱን ከእግራቸው አርቀው የመቱት እንደማይደርሱበት፣ አስጠግተው የገፉት እንደሚያሸንፉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ገባቸው፤ እኔ ይህን ነገር ለአዋቂ ሰው በሁለት ዓመት ማስረዳት አልችልም።

«ተከላካይን የማምለጥ ልምምድ» ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ጅብ ነው። አንዱ ልጅ ጅብ ይሆንና በአራት ኮኖች ከታጠረው ሜዳ ውስጥ የሌሎቹን ኳስ እየመታ ያስወጣል፤ ኳሱ የወጣበትም ጅብ ይሆናል። ችግሩ ደሴ ሌሊት ጅብ የሚጮህባት ከተማ መሆኗ ነው። ከጦሳ ግርጌ የሚኖር አንድ ልጅ ሌሊቱን እውነተኛውን ሲሰማ አድሮ ነበርና «ጅብ መጣ!» ሲባል ኳሱን በብብቱ ይዞ ከኮኖቹ ወጣ፣ ከሜዳው ወጣ፣ አስፋልቱንም ሊሻገር ሲል እናቱ ደረሱበት። ተከላካይን በማምለጥ ረገድ እስከ ዛሬ ድረስ የተሻለው የለም።

ወላጆችን ግን ምንም ካርቶን ሊያበርዳቸው አልቻለም። ባለ ቱታው ለልጁ የአዋቂዎቹን ቁጥር 5 ኳስ፣ ዙሪያው እስከ 70 ሳንቲሜትር የሚደርሰውን፣ «ከአሁኑ ይልመደው» ብሎ ይዞ መጣ፤ ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው ቁጥር 3 ሲሆን ዙሪያው ከ60 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ልጁ ከኳሱ በስተኋላ ሲቆም የሚታየው ከደረቱ በላይ ያለው ብቻ ነበር ብል እምብዛም አላጋነንኩም። ኳስ ትንሽ ወደ ላይ በነጠረች ቁጥርም «በቴስታ!» ይላል። አሰልጣኙ አሜሪካ ውስጥ የአገሪቱ ፌዴሬሽን 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ መከልከሉን ሲነግረው «ለዚህ እኮ ነው ዋንጫ የማይበሉት» አለ። ኖርዌይ ከ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የልጆች ስፖርት ደንብ እንዳላት፣ ዛሬም ልጆች 11 ዓመት ሳይሞላቸው ነጥብና የደረጃ ሰንጠረዥ እንደማይወጣላቸው ሲነገረው ደግሞ ሳቀ። ግብ አዳኙ አጥቂ ሃላንድ ያደገው እዚያው አገር መሆኑን ባስታውሰው «እርሱማ በቁመቱ ነው» አለና አለፈው። ለነገሩ ሰንጠረዥ እርሱ ራሱ አለው፤ የማን ልጅ ስንት ጊዜ መሐረብ እንደተጣለበት በስልኩ ይመዘግባል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጅቡ የሸሸው ልጅ ቀርቶ ስለነበር ክቡ ጎደለ። አሰልጣኙ ወደ ድንጋዮቹ መጥቶ አንድ ወላጅ እንዲያሟላ ጠየቀ። ሁላችንም ስልካችንን ማየት ጀመርን። በመጨረሻ «ቱታውን ለምን ለበስከው ታዲያ?» ብዬ እኔ ነኝ ያስነሳሁት፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። በሁለት ሕፃናት መካከል በስንት መከራ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ከተቀመጠበትም ሆኖ ማሠልጠኑን አልተወም፤ ከፊት ለፊቱ ወደ ተቀመጠው ልጁ እጁን እየወነጨፈ «ወደ ኋላህ እይ! ሁልጊዜ ወደ ኋላህ እይ!» ሲል፣ የልጅ ልጄ በቀስታ መጥቶ መሐረቡን ከባለ ቱታው ጀርባ አኖረው።

አሥራ አንዱም ሕፃናት አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አንዱ እስኪነግረው ድረስ የልጅ ልጄ ግማሹን ዞሮ ነበር። ባለ ቱታው ዘሎ ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሮጠ፣ በሦስተኛው ላይ የቀኝ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አሰልጣኙ ደግፎ ወደ ድንጋዩ እያመጣው «ሳይሟሟቁ መሮጥ ጥሩ አይደለም፣ ጋሼ» አለው፤ በትሕትና ነው ያለው፣ ፊቱን በደንብ አይቼዋለሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እያነከሰ መጣና ከአጠገቤ ተቀመጠ። ስለ 1954 አላነሳም፤ ስልኩንም አላወጣም። ከሜዳው «መሐረቤን ያያችሁ!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ሻዩን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላው ሰደደና ድንጋዩን ዳበሰ።