ንግሥት በድምፅ ብልጫ

እንግሊዝ ንግሥቶቿን መርጣ አታውቅም። በትውልድ ይመጣሉ፣ ዕድሜ ሲበቃቸው ይሄዳሉ፤ ሕዝቡ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ከማውለብለብ ሌላ ድርሻ የለውም። በድምፅ ስትመዘን የምትኖር ንግሥት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም አራት ወንዶች ናት። በ1970 ለንደን ላይ የተመሠረተውን ኩዊን የተባለ የሮክ ባንድ ማለታችን ነው፤ ፍሬዲ ሜርኩሪ በድምፅና በፒያኖ፣ ብራያን ሜይ በጊታር፣ ሮጀር ቴይለር በከበሮ፣ ዓመት ዘግይቶ የደረሰው ጆን ዲከን በባስ ጊታር። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልን። አንዱ ብቻ የእኛ ነው፤ እሱ ጋ ስንደርስ እንነግርዎታለን።) ፍሬዲ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ አድናቂዎቹ ግን ዛሬም በየጊዜው ተሰብስበው ነጠላ ዜማዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በድምፅ ይደረድራሉ። ደርድረው ሲጨርሱ ይጣላሉ። ሲታረቁ እንደገና ይደረድራሉ።

ከሩቅ ላየው የልጅ ጨዋታ ነው፤ ዝርዝር ማውጣት፣ ድምፅ መሰብሰብ፣ መደመር። እንዲህ ብሎ የጀመረ አደራጅ ገና ኮሮጆው ሳይከፈት አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፦ ለመሆኑ ነጠላ ዜማ ማለት ምን ማለት ነው?

አይሳቁ። በ1977 የወጣችው ሸክላ በአንድ ፊቷ «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ»ን፣ በሌላ ፊቷ «ዊ ዊል ሮክ ዩ»ን ይዛለች። አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? አንድ ናቸው ከተባለ ድምፅ ሰጪው የወደደው የትኛውን ፊት እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ናቸው ከተባለ ደግሞ «የሌሎቹ ሸክላዎች ጀርባ ምን አጠፋ?» የሚል ተሟጋች ከኋላ ወንበር ይነሣል። በዓመቱ «ባይሲክል ሬስ» እና «ፋት ቦተምድ ገርልስ» እንዲሁ እንደተዛዘሉ ወጡ፤ ተሟጋቹ ሁለተኛ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው።

የሸክላ ጀርባ ለባንዱም ቀላል ነገር አልነበረም። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» በ1975 ሲወጣ ጀርባው ላይ የተቀመጠው ሮጀር ቴይለር ስለ መኪና ፍቅር የደረሰው ዘፈን ነበር። ሸክላ የገዛ ሰው ሁለቱንም ፊት መግዛቱ ስለማይቀር፣ የጀርባው ደራሲ ከፊተኛው ደራሲ እኩል ይከፈለዋል። ቴይለር ዘፈኑ እንዲገባለት እሺ እስኪሉት ድረስ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቆልፎ ተቀመጠ ይባላል። አድናቂዎቹ ዛሬ የሚያደርጉት ክርክር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የጎደለው ቁም ሳጥኑ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የአገር ጉዳይ ይመጣል። አደራጁ ጠቢብ ነኝ ብሎ «በእንግሊዝ አገር፣ ፍሬዲ በሕይወት ሳለ የወጣ» የሚል ደንብ ያወጣል። ጥሩ ደንብ ይመስላል። ወዲያው ግን ግማሹ ጉባኤ እንባ የሚያፈስበት «ዚስ አር ዘ ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ» ከዝርዝሩ ይወድቃል፤ አሜሪካ በመስከረም 1991 ወጥቶ ሳለ እንግሊዝ የደረሰው በታኅሣሥ ነውና፣ ፍሬዲ ደግሞ ያረፈው በመሐል፣ ኅዳር 24 ቀን ነው። ለቅሶው ሲበዛ ደንቡ «በየትኛውም አገር የወጣ» ተብሎ ይሻሻላል። በተከፈተው በር በ1977 አሜሪካ ወጥቶ እንግሊዝ ያልወጣው «ሎንግ አዌይ» ዘው ብሎ ይገባል፤ ድምፅ ሰጪው ግማሹ በጆሮው ሰምቶት የማያውቅ፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ «ይኼን የማያውቅ ምን አድናቂ ነው» ብሎ አምስተኛ የሚያደርገው ዘፈን። «ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ» ደግሞ የባሰ ነው። በነጠላ የወጣው በ1979 መድረክ ላይ የተቀዳው ሲሆን በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 63ኛ ላይ ቆመ። ሰው የሚያለቅስበት ግን የ1975ቱ የአልበም ቅጂ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ያለቅሳሉ፣ ለሌላው ድምፅ ይሰጣሉ።

መፍትሔው ብዙ ሰው ከተቀጣበት በኋላ የተገኘ ነው፤ ደንቡን በሦስት መስመር ጽፎ ኮሮጆው ከመከፈቱ በፊት መለጠፍ፣ ከዚያ አለመንካት። ደንብ መጥፎ ቢሆን ይረሳል። በመሐል የተነካ ደንብ ግን አይረሳም፤ አደራጁ እስከ ዕለተ ሞቱ «ያ አጭበርባሪ» ነው።

እሺ፣ ዝርዝሩ ጸና፤ 40 ዜማ ነው እንበል። አሁን ወደ ቆጠራው። ብዙ ሰው ዘፈኖቹ የሚወዳደሩ ይመስለዋል። የሚወዳደሩት የመቁጠሪያ ዘዴዎቹ ናቸው፤ ዘፈኖቹ ታዛቢ ናቸው።

ጀማሪ አደራጅ የሚመርጠው እንደ ትምህርት ቤት ከ10 ማርክ መስጠትን ነው። 40 ድምፅ ሰጪ አለ እንበል። «ኢኑዌንዶ»ን 30ው ሰው ሙሉ 10 ሰጠው፤ 10 ተንኮለኛ ደግሞ 1፣ 1 ሰጠው። ድምሩ 310። ማንም ያልጠላው፣ ማንም ያላበደለት አንድ ዘፈን ደግሞ ከሁሉም ሰው 8፣ 8 አገኘ፤ ድምሩ 320። ሠላሳ ሰው የሞተለትን ዘፈን «ይሁን፣ ምንም አይልም» የተባለው ዘፈን በ10 ነጥብ ጣለው። ተንኮለኞቹ ይህን ያወቁ ዕለት 8 የሚባል ቁጥር ከጉባኤው ይጠፋል፤ ሁሉ ነገር ወይ 10 ነው ወይ 1።

ብልጡ አደራጅ በሁለተኛው ዓመት «እያንዳንዱ ሰው ምርጥ አሥሩን በተራ ይጻፍ፤ አንደኛው 10 ነጥብ፣ አሥረኛው 1 ነጥብ» ይላል። ይኼኛው ከማርኩ ይሻላል፣ ግን የራሱ ቁስል አለው። ስልሳ ሰው 11ኛ ያደረገው ዘፈን ዜሮ ያገኛል፤ ሦስት ወፈፌዎች አንደኛ ያደረጉት ግን 30 ነጥብ ይዞ ይንጎራደዳል። ታዲያ አሥሩ ወደ 25 ይስፋ ይባላል። 25 ዘፈን በትክክል መደርደር ግን የሰው ልጅ ሥራ አይደለም። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ሰው ያስባል፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ላይ ባገኘው ተራ እየቀዳ ይሞላል። ዝርዝሩ በወጡበት ዓመት ከተሰደረ የ1973ቱ «ኪፕ ዩርሰልፍ አላይቭ»፣ በወጣ ጊዜ ሰንጠረዥ ውስጥ ጨርሶ ያልገባው የመጀመሪያ ሸክላቸው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በድካም ብቻ 15ኛ ይሆናል። መድኃኒቱ ለየሰዉ የተለያየ ተራ ያለው፣ የተበወዘ ዝርዝር መስጠት ነው።

ነጥብን በተራ መስጠት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንንና የሒሳብ ሊቅ የዦን ሻርል ደ ቦርዳ ሐሳብ ነው። «የተንኮል ድምፅ ቢሰጡበትስ?» ሲሉት ዘዴዬ ለሐቀኛ ሰዎች ብቻ የታሰበ ነው አለ ይባላል። የሮክ አድናቂ አይቶ እንደማያውቅ ከዚህ ይታወቃል።

ደም ፍላት ያለባቸው ጥሎ ማለፍን ይመርጣሉ። ኳስ ነው፤ ሁለት ዘፈን ይጋጠማል፣ አንዱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ40 ዘፈን 39 ግጥሚያ ይደረጋል። ነገር ግን የጥሎ ማለፍ ሰንጠረዥ የሚሞላው በ32 ወይም በ64 ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር 24ቱ ሳይጫወቱ ያልፋሉ፣ ዕጣ የጠላቸው 16ቱ ይተራረዳሉ። ዕጣ ደግሞ ዐይን የለውም፤ «ኪለር ኩዊን» እና «ሰምባዲ ቱ ላቭ» በመጀመሪያው ቀን ሲገናኙ «ቦዲ ላንጉዌጅ» እግሩን ዘርግቶ ያልፋል። ይህ እንዳይሆን ጠንካሮቹን በድሮው የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ደረጃ ለያይተን እናስቀምጥ ይባላል። በፍሬዲ ዕድሜ አንደኛ የወጡት «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»፣ ከዴቪድ ቦዊ ጋር የተሠራው «አንደር ፕሬዠር» እና «ኢኑዌንዶ» ብቻ ናቸው። ዛሬ ሠርግ ቤት ሳይቀር የሚያስጨፍረው «ዶንት ስቶፕ ሚ ናው» በ1979 9ኛ ላይ ነው የቆመው፤ በዚህ ሒሳብ ከደካሞቹ ጋር ይመደብና በየዙሩ ግዙፍ እየጣለ ይመጣል። የወደቁት ግዙፎች ደጋፊዎች «ሕዝቡን ያበላሸው ፊልምና ማስታወቂያ ነው» ይላሉ።

ሁሉንም ዘፈን ከሁሉም ጋር ማጋጠም ፍትሐዊው ነው። 40 ዘፈን 780 ጥንድ ይወጣዋል፤ ለአንዱ ጥንድ አሥር ሰከንድ ቢበቃ እንኳ አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሊቀመጥ ነው። ተቀምጦ የጨረሰ ቢገኝም ሌላ ጉድ ይጠብቃል። ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። አንዱ ኪለር፣ ሰምባዲ፣ ራዲዮ («ራዲዮ ጋ ጋ» ማለት ነው) ብሎ ደረደረ። ሌላው ሰምባዲ፣ ራዲዮ፣ ኪለር። ሦስተኛው ራዲዮ፣ ኪለር፣ ሰምባዲ። ይቁጠሩት፦ ኪለር ሰምባዲን ሁለት ለአንድ ይረታል፣ ሰምባዲ ራዲዮን ሁለት ለአንድ ይረታል፣ ራዲዮ ደግሞ ኪለርን ሁለት ለአንድ ይረታል። ሁሉም አሸነፈ፣ ሁሉም ተሸነፈ። ኮንዶርሴ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1785 ጽፎት ነበር፤ ኩዊን ከመመሥረቱ 185 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው የሚያስገርመው።

የቀረው አንድ ዘዴ በየቀኑ የሚጠላውን አንድ ዘፈን ማስወጣት ነው። ስለሱ ብዙ አንናገርም። ለ39 ቀን ተጣልቶ በ40ኛው ቀን የሚጨባበጥ ጉባኤ የለም።

ወደ ድምፅ ሰጪዎቹ እንምጣ። አንደኛው ማን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ 5 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የሚረዝመው፣ መጀመሪያ ሲወጣ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ላይ የተቀመጠው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ነው። በዚህ ምክንያት እውነተኛ አዋቂ አንደኛ አያደርገውም። ሰባተኛ ያደርገዋል። ሰባተኛ የጠቢባን ደረጃ ናት፤ «እወደዋለሁ፣ ግን እንደናንተ አይደለሁም» የሚል ትርጉም አላት። አንደኛ ላይ ስድስት ደቂቃ ተኩል የሚሄደውን፣ ስቲቭ ሃው በእንግድነት የስፓኝ ጊታር የመታበትን «ኢኑዌንዶ»ን ያስቀምጣል። ይህን በብቸኝነት ያደረገ ይመስለዋል፤ ቆጠራው ሲወጣ ብቸኞቹ አርባ ሆነው ይገኛሉ።

ከዚያ የወገን ድምፅ አለ። አራቱም አባላት በየግላቸው ታዋቂ ዜማ የደረሱበት ባንድ ስለሆነ፣ አድናቂው ዘፈኑን ትቶ ደራሲውን ይመርጣል። የጆን ዲከን ወገኖች ከሁሉ የተደራጁ ናቸው። ሰውየው ዝምተኛ ነበር፣ በባንዱ ውስጥ ብዙም አልጻፈም፤ የጻፈው ግን «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ»፣ «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ»፣ አሜሪካ ላይ ሦስት ሳምንት አንደኛ የሆነው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» ነው። ወገኖቹ ሦስቱንም ምርጥ አምስት ውስጥ አስገብተው «እኛ ለዘፈን እንጂ ለሰው አንመርጥም» ይላሉ። የጊታሩ ወገኖች መልስ አላቸው፤ ያለ ብዙ ጊታር የተሠራውን የ1982ቱን «ቦዲ ላንጉዌጅ» በአንድ ልብ 40ኛ ያደርጉታል። እንግሊዝ ላይ 25ኛ ብቻ የደረሰው ይህ ዘፈን አሜሪካ ላይ 11ኛ መውጣቱን ሲነግሯቸው «ለዚህ ነዋ!» ይላሉ።

የእኛው ዓመት እዚህ ጋ ነው። «ራዲዮ ጋ ጋ» በየድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1985፣ ላይቭ ኤይድ በተባለው ኮንሰርት ላይ፣ ለንደን ዌምብሊ ስታዲየም ውስጥ ሰባ ሁለት ሺህ ያህል ሰው እጁን ወደ ላይ እየወረወረ በአንድ ምት አጨብጭቦለታል። ድምፅ ሰጪው የሚመርጠው ዘፈኑን አይደለም፣ ጭብጨባውን ነው። ባንዱ በሃያ ደቂቃ ያህል ስድስት ዜማ ተጫውቶ ከወረደ ጀምሮ ከስድስቱ የትኛው በለጠ የሚለው ክርክር አላባራም፤ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 13ኛ ላይ ቀርቶ የነበረው «ሀመር ቱ ፎል» በዚያች ቀን ሒሳብ ምርጥ አሥሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ኮንሰርቱ ለምን እንደተዘጋጀ ለጠየቀ ሰው የካሜራውን አቀማመጥ፣ የፍሬዲን ነጭ ካናቴራ፣ የማይክራፎኑን ግማሽ ዘንግ ሳይቀር ይተርኩለታል። ወሎንና ትግራይን የሚጠቅስ አድናቂ ከተገኘ ግን ድምፁ ሁለት ተብሎ ቢቆጠርለት አንቃወምም።

ማጭበርበሩስ? አለ፣ ግን ሰነፍ ነው። ሌሊት ሰባት ድምፅ ተከታትሎ ይገባል፤ ሰባቱም «ራፕሶዲ»ን ሲጽፉ አንዲቷን ፊደል በአንድ ቦታ ይገድፋሉ። ልምድ ያለው ቆጣሪ እያንዳንዱ ሰው ለመጨረሻው ዘፈን አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት እንዲጽፍ ያዛል። ሐቀኛው አንድ ገጽ ስድብ ይጽፋል፤ አጭበርባሪው ሰባት ጊዜ «አልወደድኩትም» ይላል። የሚያስደንቀው የሚጭበረበረው ለአንደኝነት አለመሆኑ ነው። ለ19ኛ ነው።

ለእኩል ነጥብም ደንብ ይበጃል፦ ብዙ ሰው አንደኛ ያደረገው ይቀድማል፤ ከተስተካከለ ብዙ ሰው የመረጠው፤ አሁንም ከተስተካከለ ሳንቲም ይወርወር። የተወረወረው ሳንቲም ቪዲዮ ይጠየቃል፤ ቪዲዮው ተቆራርጧል ይባላል።

እሑድ እኩለ ሌሊት በለንደን ሰዓት ኮሮጆው ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት ከታች ወደ ላይ፣ ከ40ኛ ወደ አንደኛ፣ በቀን አምስት አምስት እየተባለ ይገለጣል፤ ይህ የሚደረገው ለድምቀት ነው፣ ስድቡ በስምንት ቀን እንዲከፋፈልም ነው። በመጨረሻው ቀን አንደኛው ይወጣል፣ ማንም አይገረምም፣ ቆጣሪው ወረቀቱን ሰብስቦ ሊነሣ ሲል አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ» ስምንተኛ ሆኗል አይደል? ሸክላው ላይ ያለው ረጅም መግቢያ የተጨመረበት ቅጂ ነው፤ አልበሙ ላይ ያለው አጭሩ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው ይላል፤ ሰዎቹ ድምፅ የሰጡት የትኛውን ሰምተው ነው?