ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል፤ ደንብ ልብስ ግን ፈርጅ የለውም

በቅርቡ እዚህ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኞቹ ሁሉ በየሳምንቱ ዓርብና በጥምቀት ሰሞን በአንድ ሞዴል የተሰፋ «የባህል ልብስ» እንዲለብሱ የሚያዝ ደብዳቤ አውጥቷል። ጨርቁ በጅምላ ተገዝቶ የመጣ፣ ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት፣ የሸማኔ እጅ ያላረፈበት ፕሪንት ነው፤ ዋጋውም ከደመወዝ በሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አንብቤ ማለፍ በቻልኩ ነበር። ያላስቻለኝ፣ በስብሰባው ላይ «ለምን በሸማኔ አላሠራችሁትም?» ተብለው የተጠየቁት ኃላፊ የሰጡት መልስ ነው። «ልብስ ያው ጨርቅ ነው፤ ቁም ነገሩ ጎብኚ ከሩቅ ሲያየው ማማሩ ነው» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ።

እንግዲህ ከዚያው «ከሩቅ» ከሚለው ቃል እንነሣ። አያቴ በእርጅናቸው ዘመን ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ማየት ይወዱ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ የሰው ፊት መለየት አይችሉም፤ ሆኖም ከዳገቱ ሥር ብቅ ያለችውን ሴት ማንነቷን ሳያውቁ «ይቺ ከለቅሶ ነው የምትመለሰው» ይላሉ፤ ስለ ሌላዋ «ቤተ ክርስቲያን ስማ ነው»፣ ስለ ሽማግሌው «ደጅ ሊጠና ነው» ይላሉ። የሚያነቡት ነጠላውንና ጋቢውን ነበር። ጥለቱ ተዘቅዝቆ ወደ አንገት ከወጣ ሐዘን አለ። ሁለቱ ጫፍ በደረት ላይ ተመሳቅሎ በትከሻ ከተጣለ፣ ባለቤቱ ወደ ቅዳሴ እየሄደ ወይም ከቅዳሴ እየወጣ ነው። ወገብ ላይ ዞሮ ከታሰረ ደግሞ ያ ሰው ከበላዩ ፊት ሊቆም፣ ሊያገለግል ወይም ሊለምን ነው፤ «አደግድጎ ቆመ» ስንል የምናወራው ስለዚሁ ነው። ሸማ ከሩቅ እንዲያምር ብቻ ሳይሆን ከሩቅ እንዲነበብ የተለበሰ ልብስ ነው። ኃላፊው ለመከራከሪያ የመረጡት ርቀት፣ የገዙት ጨርቅ ዲዳነት የሚጋለጥበት ርቀት ነው።

ይህ ንባብ የአያቴ የግል ችሎታ አልነበረም፤ በዚህች ከተማ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ውስጥ ሕግ ያህል የከበደ ነገር ነበር። ከንጉሥ ፊት የቀረበ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስር ነበር፤ ትከሻን መግለጥ መገዛትን መግለጥ ነውና። በተቃራኒው ትልቁ ሰው ከበታቹ ፊት እስከ አፍንጫው ድረስ ይከናነባል፤ አፉን መሸፈኑ የማን ቃል ከባድ እንደሆነ ሳይናገር ይናገራል። ቀይ ጥለቱ የሰፋው ጃኖ የመኳንንትና የቤተ መንግሥት ሰው መለያ ነበር፤ ከንጉሥ እጅ የሐር ቀሚስ መሸለምም የሹመት ያህል ክብር ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎ፣ የካህኑ ጥምጥም፣ የባላገሩ ቡሉኮ፣ በአንገት ላይ የሚታሰረው ማተብ፣ እያንዳንዱ ሰውየው ከየት ወገን እንደሆነና ከማን ፊት እንዴት እንደሚቆም ያስታውቃል። እዚህ ላይ ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የሚናገረው ያልተሰፋው ነው። ቁልፍ የለው፣ እጅጌ የለው፣ አራት ማዕዘን ጨርቅ ብቻ ነው። ያው አንድ ነጠላ ጠዋት ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ቀን ዕድር ላይ ያለቅሳል፣ ማታ ሠርግ ላይ ይጨፍራል፤ የሚለወጠው አለባበሱ ነው እንጂ ጨርቁ አይደለም። አባቶች «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» ያሉት ለቅኔ ማሳመሪያ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ያን የታተመ ቀሚስ እንመልከተው። ጥለቱ ከጫፉ ጋር ተሰፍቶ አልቋል፤ ማንም ዘቅዝቆ ሊያዝንበት አይችልም። ሊያደገድግበት አይችልም፤ ሊያመሳቅለው አይችልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ጉዳይ ብቻ፣ ማለትም ለካሜራ የተሰፋ ነው። ነገ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ የፋሲል ግንብ ድንጋይ ስላረጀ ድንጋይ የሚመስል ወረቀት እንለጥፍበት፣ ከሩቅ ያው ነው ቢል፣ በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመዘገበ ቅርስ ነው ብለን ዱላ ይዘን እንወጣለን። ጥምቀትም እ.ኤ.አ. በ2019 ተመዝግቧል። ምዕመኑ ለብሶ ታቦት የሚያጅበው ሸማ ላይ ወረቀት ሲለጠፍ ግን እናጨበጭባለን።

«ድሮም ቢሆን የውጭ ጨርቅ እንለብስ ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ነገሩን ከጀመሩት አይቀር ይጨርሱት። የቀድሞ ሸማኔዎች ለጥለት የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር ሲያጡ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ ገዝተው ክሩን አንድ በአንድ ይፈቱት፣ ከዚያ በራሳቸው ድርና ማግ ውስጥ መልሰው ይሸምኑት ነበር። ከአሜሪካ ይመጣ የነበረውንም ጨርቅ «አቡጀዲ» ብለን ወስደን የራሳችን ልብስ ሰፍተንበታል። ያኔ የሰውን ጨርቅ ፈትተን የራሳችንን እንሠራ ነበር፤ ዛሬ የራሳችንን ፎቶ አንሥቶ ያተመልንን እየገዛን «ባህላችን» እንላለን። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው የሚል ሰው፣ ክር ፈትቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሸማኔው ነገር ነው። ጎንደርን ማን እንዳለበሳት እናውቃለን። በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነባቸው። ከተማዋን ከሸመኑላት እጆች መካከል ታዲያ የነዚሁ የተገፉት ሰዎች እጆች ነበሩ፤ የአዲስ ዓለም ሙስሊም ሸማኔና የቤተ እስራኤል ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ የዋለበትን ሸማ፣ መኳንንቱም ካህናቱም ተጎናጽፈው ሄደዋል። ምስጋናው ስድብ ነበር። በልብሱ ጠርዝ ላይ ያለውን ጌጥ «ጥበብ» አልነው፤ በእጁ የሚሠራውን ሰው ግን ከዚያው ሥር በወጣ ቃል «ጠይብ» ብለን ናቅነው፤ ቡዳ ነው ብለንም ሸሸነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ ሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከቤተ እስራኤል ሸማኔዎች አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የቀሩት የከተማችን ሸማኔዎች ዛሬም ከጉድጓዳቸው አልወጡም። ስድቡ ሲቀንስ፣ ሥራቸው ይከበራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ጥበቡን ከጠቢቡ ነጥቆ ለማተሚያ ማሽን ሰጠው። አያቶቻችን ሸማኔውን ሰድበውም ቢሆን ይገዙት ነበር፤ እኛ በፓናል ውይይት ላይ አወድሰነው አንገዛውም።

የእጅ ሥራ ውድ ነው፤ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ ማሠራት ይከብዳል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ማንም ሠራተኛ ሙሉ ቀሚስ አምጡልኝ አላለም። አንድ ነጠላ በየቤቱ አለ፤ ከእናት የተወረሰም አለ። «ዓርብ ዓርብ ያላችሁን ነጠላና ጋቢ ለብሳችሁ ኑ» ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ አልነበረውም። ግን እንደዚያ ቢሆን የሁሉም ጥለት ይለያያል፣ አንዱ ያረጀ አንዱ አዲስ ይሆናል፣ ሰልፉም ሰልፍ አይመስልም። የፈለጉት ሰው ሳይሆን ሰልፍ ነበርና ደንብ ልብስ አዘዙ።

የመጀመሪያው ዓርብ ዕለት ሠራተኞቹ በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተሰልፈው ፎቶ ተነሥተዋል። ከመካከላቸው አንዲት የማውቃት እኅት እናቷን ከቀበረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። በታተመው ቀሚስ ላይ ነጠላዋን ጥለቱን ዘቅዝቃ ደርባ ብትመጣ፣ «ለፎቶው አይመችም፣ ለጊዜው አስቀምጪው» ተባለች፤ አጣጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው። ፎቶው በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ወጥቷል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከግራ አራተኛዋ እርሷ ናት፤ ካልነገሯችሁ በስተቀር ከሩቅም ከቅርብም ከሌሎቹ አትለዩዋትም።