ያላዩት ሙያ አይናፍቅም

ባለፈው ወር አዳማ ካለው የእህቴ ልጅ ጋር በስልክ አወራን። 10ኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው። ከዚያ ናቹራል ወይ ሶሻል መምረጥ አለበት።

«ምን ልትገባ አሰብክ?» አልኩት።

«ናቹራል ነዋ ጋሼ። ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ናቹራል ነው የሚገባው።»

«ከዚያስ?»

«ኢንጂነሪንግ።»

«ኢንጂነር ጠዋት ሥራ ገብቶ እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውላል?»

ዝም አለ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። አልተቋረጠም፤ መልስ አጥቶ ነው።

አልፈረድኩበትም። እኔ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርም የሞላሁት ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ጓደኞቼ የሞሉትን እያየሁ ነው። የትምህርት ክፍሎቹን ስም እናውቅ ነበር። ውስጣቸው ምን እንዳለ የነገረን ሰው ግን አልነበረም። የደረሰኝን ተማርኩ። ሥራው ምን እንደሚመስል በዓይኔ ያየሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው፤ እንደማልወደውም ያኔ ገባኝ። የወጣትነት ዓመታት ናቸው፣ ተመልሰው አይመጡም።

አሁን የምኖረው ጀርመን ነው። ልጄ 9ኛ ክፍል ስትደርስ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ለሁለት ሳምንት ክፍል አትገባም፤ ሥራ ቦታ ነው የምትውለው ይላል። እዚህ «ፕራክቲኩም» ይሉታል። አብዛኛው ልጅ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ቢያንስ አንዴ ያልፍበታል። ሥራ ቦታውን የሚፈልገው ደግሞ ተማሪው ራሱ ነው። የማመልከቻ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሲቪ ያዘጋጃል፤ ስልክ ደውሎ «ትቀበሉኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ ልጄ ላለች ዓይናፋር፣ ያ ስልክ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነበር። ሦስት ቦታ እምቢ አሏት። አራተኛው ተቀበላት።

ልጄ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የእንስሳት ሐኪም ነው የምሆነው ስትል ነው ያደገችው። የተቀበላትም አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። በአራተኛው ቀን ማታ እራት ላይ ዝም ብላ ቆየችና «አባ፣ እኔ የምወደው እንስሳትን እንጂ ሥራውን አይደለም» አለችኝ። ደሙን፣ የሚያለቅሱትን የውሻ ባለቤቶች፣ ሐኪሟ ምሳ ሳትበላ የምትውልባቸውን ቀናት አይታለች። ሁለቱን ሳምንት ጨርሳ ለትምህርት ቤቱ ሪፖርት ጻፈች። መምህሯም መሃል ላይ መጥተው ጎብኝተዋታል። እኔ በዓመታት የተረዳሁትን እሷ በአራት ቀን ተረዳችው። ያዘነች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀለል ብሏት ነበር።

በዚህ ብቻ አያበቃም። ከሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤቱ የሙያ አማካሪ ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል፤ ልጅ ከወላጁ ጋር ሆኖ ቀጠሮ ይዞ ሊያማክረው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ልጃገረዶች ወንዶች የሚበዙባቸው የሥራ ቦታዎች ሄደው ይውላሉ። ፋብሪካ፣ ቤተ ሙከራ፣ የመኪና ጋራዥ ያያሉ። በኋላ ለወንዶቹም ተመሳሳይ ቀን ተዘጋጀላቸው፤ እነሱ መዋዕለ ሕፃናትና የአረጋውያን መጦሪያ ይሄዳሉ።

እኛ ሐበሾች ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። የአንድ ወዳጄ ልጅ ፕራክቲኩሙን ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ሠራ። ወደዱት። ትምህርቱን ሲጨርስ በሠልጣኝነት ሊቀጥሩት ጠየቁት። እናቱ አለቀሰች። «ለዚህ ነው እንዴ የተሰደድኩት? ልጄ ገመድ ሊጎትት?» አለች። ሐዘኗ ይገባኛል። አገር ቤት እጅ የሚሠራው ሥራ ስንት ስድብ እንደተሸከመ ሁላችንም እናውቃለን። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሁሉ በሙያው ተሰድቧል። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን ከሆዳችን አልወጣም። ሻንጣችን ውስጥ ይዘነው እዚህ ድረስ መጥተናል።

ልጁ ግን ገባበት። አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እዚህ ሠልጣኝ ከሳምንቱ ሦስትና አራት ቀን ሥራ ላይ ይውላል፤ የቀረውን ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ይገባል። ደመወዝም አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሕግ የተቀመጠው የአንደኛ ዓመት ዝቅተኛ ክፍያ በወር 649 ዩሮ ነበር። በዚህ መንገድ የሚሠለጠንባቸው ሙያዎች ከ300 በላይ ናቸው። ሠልጥኖ ከሠራ በኋላ «ማይስተር» የሚባለውን ማዕረግ ካገኘ የራሱን ድርጅት መክፈት፣ ሌሎችን ማሠልጠን፣ ከፈለገም ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። እናቱ ይሄን የመጨረሻውን ስትሰማ ነው የተረጋጋችው። በሩ አልተዘጋበትም ማለት ነው።

እዚህ ያለው ሁሉ ወርቅ ነው እያልኩ አይደለም። በብዙዎቹ የጀርመን ክፍላተ ሀገር ልጆች 4ኛ ክፍልን ሲጨርሱ፣ ገና በአሥር ዓመታቸው፣ በየትምህርት ቤቱ ዓይነት ይለያያሉ። ቋንቋው ገና ያልገባው የስደተኛ ልጅ «ጎበዝ አይደለም» ተብሎ ዝቅ ያለው ቦታ ሊላክ ይችላል። በኋላ ማሻሻል ይቻላል፤ ግን ልጁም ወላጁም ይደክማሉ። የአሥር ዓመት ልጅ ዕጣ እንዲህ በጊዜ መጣል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ይሄ ይሄ አገር ቤት እንዲገባ አልመኝም።

የምመኘው ያን ሁለት ሳምንት ነው።

አገር ቤት ሁሉም ነገር አንድ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። ሁሉም ሰው ስለ ፈተናው ተከራከረ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቀሩት ናቸው። ለ12 ዓመት «ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ ሰው አትሆንም» ስንላቸው ኖረን፣ በአንድ ቀን በሩ ሲዘጋ ሌላ በር አላሳየናቸውም። ቴክኒክና ሙያ አለ። ግን እኛው ራሳችን የወደቀ የሚገባበት አድርገን ስለነዋል። ልጁ ገና ሳይገባ አፍሮ ነው የሚገባው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቴ የተማሩበት ኮምፕሬሄንሲቭ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ነበረው፤ ታይፕ ይማሩ ነበር፤ ንግድ ሥራ ነበር። ጎበዙም ሰነፉም አንድ ላይ መጋዝ ይዞ ይውላል። ተግባረ ዕድ ገባ የተባለ ልጅ በሰፈሩ ይከበር ነበር ይሉኛል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና 12ኛ ክፍል የሙያ ትምህርት ማስገባቱ ደስ ብሎኛል። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ብቻ እንዳይቀር እፈራለሁ። ሙያ ከገጽ ላይ አይታይም።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ሥራም እንደዚያው ነው። ልጆቻችን ሐኪም፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር የሚሉት ሌላውን ጠልተው አይደለም፤ ሌላውን ስላላዩት ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ቀያሽ፣ የሒሳብ መርማሪ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የማሽን ጠጋኝ በየከተማው አሉ። አንድ ርዕሰ መምህር ከአንድ ፋርማሲ፣ ከአንድ ጋራዥ፣ ከአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤትና ከአንድ ዳቦ ቤት ጋር ቢነጋገር፣ በክረምቱ ዕረፍት አንድ ሳምንት ልጆች መላክ ይችላል። የምክር አገልግሎት መምህሩም ልጅ ሲያጠፋ ብቻ የሚጠራ ሰው መሆኑ ቀርቶ የሚያገናኝ ሰው ይሆናል። ትልቁ ወጪ የአንድ ሰው ጊዜ ነው።

እኛ ዲያስፖራዎችም ክረምት ላይ ስንገባ ጫማና ስልክ ከምናድል፣ ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት ብቅ ብለን የምንሠራውን በትክክል ብንነግራቸው ጥሩ ነው። የምንሠራው መጋዘን ከሆነ መጋዘን እንበል። ስንት ሰዓት እንደምንነሳ፣ ምን እንደሚከብደን፣ ምን እንደተማርን እንንገራቸው።

ከዚያ ስልክ በኋላ አዳማ ላለ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነው። «የእህቴን ልጅ ሦስት ቀን አብሮህ ይዋል?» አልኩት። «ሔልሜት ብቻ ያድርግ፣ ይምጣ» አለ። ልጁ ሦስቱን ቀን ውሎ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሲስል የሚውል መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው የሚያወራው! ከግንበኛው ጋር፣ ሲሚንቶ ከሚያመጣው ጋር፣ ከባለቤቱ ጋር። አንዱን ግንብ አፍርሱት ብሎ ሲከራከር ነበር። እኔ ብሆን አልችልም ነበር መሰለኝ። ግን ደግሞ ትክክል ነበር።»

ወደ መጨረሻው ድምፁ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ ሌላ ሥራ የሚያሳየኝ ሰው ያውቃሉ?»

እያፈላለግኩለት ነው።