ክቡር ኮሚሽነር

ሐሙስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደወል ስልክ መቼም ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም። እየተርበተበትኩ አነሳሁት። ጓደኛዬ ነው፣ ድምፁ ሰልሏል።

"ክርኑ ተበጠሰ" አለኝ።

"የማን?"

"የልጁ ነዋ! አሥራ አራት ወር አይጫወትም አሉ።"

ልጁ የሚባለው ሰው የለም። ከእናት አልተወለደም። የኮምፒውተር ቤዝቦል ጨዋታ ውስጥ ያለ ኳስ ወርዋሪ ነው፣ ስም ያወጣለትም ኮምፒውተሩ ነው። በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይወረውራል ተብሎ ጥቂት ቁጥሮች ተጻፉለት፣ በቃ፣ እሱ ማለት ያ ነው። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ማጽናናት ጀመርኩ። "አይዞህ፣ ቶሚ ጆንም ተመልሶ የለ?" አልኩት። እውነቴን ነው። ቶሚ ጆን የሚባለው ወርዋሪ በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) የክርኑ ጅማት ሲበጠስ፣ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው እጁ ወስደው ተከሉለት። በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ። ቀዶ ጥገናው ዛሬም በእሱ ስም ነው የሚጠራው።

"እሱማ እውነተኛ ሰው ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። "የኔው በኮምፒውተር እጅ ነው ያለው!"

እሱንም ሌሎቹን ጓደኞቼንም እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ። ቤዝቦል ተጫውቼ አላውቅም። ይሄ ጨዋታ ደግሞ ደስ የሚለው፣ መጫወት አይጠይቅም። ኳሱን የሚወረውረውም፣ የሚመታውም፣ የሚሮጠውም ኮምፒውተሩ ነው። አንተ ቢሮ ቁጭ ብለህ ማን ይሰለፍ፣ ማን ይሸጥ፣ ለማን ስንት ይከፈል ትላለህ። ድሮ በካርድና በዳይ (ነጥብ ባለው ኩብ) ነበር። ሃል ሪችማን የተባለ አሜሪካዊ በ1961 ስትራት-ኦ-ማቲክን ሲያወጣ የሰው ልጅ ዳይ እየወረወረ "ተመታ! ተያዘ!" ይል ነበር። ኋላ ማርከስ ሄይንሶን የሚባል ጀርመናዊ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ የሚባለውን በኮምፒውተር ሠራው። ከአሜሪካ ጨዋታ ጋር ጀርመን ምን አገናኘው አትበሉኝ። እኔንስ ምን አገናኘኝ?

አንድ ሰው ለብቻው ቢጫወተው ጤነኛ ነገር ነው። እኔ ግን ሊግ አቋቋምኩ። ሃያ አራት ቡድን፣ ሃያ አራት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉም በአካል ያለ ሰው። ያውም ለአንድ ወቅት አይደለም። ሃምሳ የውድድር ዘመን እንሄዳለን ተባባልን። በሳምንት ሁለት ማታ ጨዋታውን አስኬደዋለሁ፣ በእያንዳንዱ ማታ የጨዋታው አንድ ሳምንት ያልፋል። የስድስት ወሩ ውድድር በሦስት ወር ያልቃል፣ ለዝውውርና ለዕረፍት አንድ ወር ጨምሩበት። በዓመት ሦስት ዘመን ማለት ነው። ሃምሳውን ለመጨረስ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከተመሠረትን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ደንብ ለማውጣት ነበር። "ቀላል ነው፣ አንድ ማታ ይበቃናል" አልኩ። ከዚያ አንዱ ዲኤች የሚባለውን አነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪ ብዙውን ጊዜ መምታት አይችልም። ዱላ ይዞ ሲቆም እንደ ተቀጣ ተማሪ ነው። ስለዚህ በእሱ ፋንታ መምታት ብቻ ሥራው የሆነ ሰው ይግባ ተባለ። ዲኤች ይሄ ሰው ነው። ከሁለቱ የአሜሪካ ሊጎች አሜሪካን ሊግ በ1973 ተቀበለው። ናሽናል ሊግ ግን "ሞቼ ነው!" ብሎ ከረመ፣ ለዘለቄታው የተቀበለው በ2022 ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት! እኛም ተከራከርን። አንዱ "ጨዋታው ክብሩን ያጣል" አለ፣ ቤዝቦል ምን እንደሆነ ያወቀ ገና ወር አልሞላውም። ሌላው ተቆጥቶ ወጣ፣ ቻርጀሩን ረስቶ ተመለሰና በዚያው ቁጭ አለ። በአራተኛው ሰዓት ታረቅን። ሊጉን ለሁለት ከፍለን ግማሹ በዲኤች፣ ግማሹ ያለ ዲኤች እንዲጫወት ወሰንን። አሜሪካኖች በአርባ ዘጠኝ ዓመት የተገላገሉትን ችግር እኛ በአራት ሰዓት እንደገና ሠራነው። ተጨባጨብን።

ሩል ፋይቭ ስለሚባለው የተጫዋች ምርጫ አላወራም። እስካሁን እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ ሰው የለም።

ኮሚሽነር የሆንኩት በጉጉት ነው፣ አልደብቅም። ስለ አሜሪካ ቤዝቦል የመጀመሪያው ኮሚሽነር፣ ስለ ኬኔሶ ማውንቴን ላንዲስ አንብቤ ነበር። በ1919 ቺካጎ ዋይት ሶክስ የዋንጫውን ጨዋታ ሆን ብለው ተሸነፉ ተብሎ ስምንት ተጫዋቾች ተከሰሱ። የቡድኖቹ ባለቤቶች ደንግጠው በ1920 ይህን የፌዴራል ዳኛ ኮሚሽነር አደረጉት። በ1921 ፍርድ ቤቱ የቀረቡለትን ነፃ አላቸው። ሰውዬው በማግስቱ ስምንቱንም ዕድሜ ልካቸውን አገዳቸው። ይግባኝ የለ፣ ምን የለ። በ1944 እስኪሞት ከወንበሩ አልተነሣም። "ኮሚሽነር ማለትማ ይሄ ነው" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

የኔ ሥራ "ፋይል ላኩ" እያሉ መለመን ሆኖ ተገኘ።

ሥራ አስኪያጁ አሰላለፉን አስተካክሎ፣ ትእዛዙን በፋይል አድርጎ፣ ጨዋታው ከመካሄዱ በፊት መላክ አለበት። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ፋይል ደርሶኛል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት።

"ልኬያለሁ እኮ!"

"አልደረሰኝም።"

"እስቲ ደግመህ እየው።"

ደግሜ አየዋለሁ። አለ፣ ደርሷል። ያለፈው ዓመት ፋይል ነው። ጡረታ የወጡ ሦስት ሰዎች አሰልፎልኛል።

አንደኛው ጭራሽ አምስት ሳምንት ጠፋ። ስልክ አያነሳም። ደንቡ በሚለው መሠረት ቡድኑን ኮምፒውተሩ ያዘለት። ቡድኑ አንደኛ ወጣ! እኛ ሌት ተቀን ቁጥር ስንቆጥር የከረምነው ከኋላው ተሰልፈናል። ሰውዬው ተመልሶ መጣ፣ ሰንጠረዡን አየ፣ ትንሽ ዝም አለና "ትዕግሥት ይጠይቃል" ብሎ መከረን።

ዝውውር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ችሎታ የሚለካው ከ20 እስከ 80 ባለው የመልማዮች መለኪያ ነው፣ 50 መካከለኛ ነው። ዝውውር ሲመጣ የራሱን ተጫዋች 50 ነው የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም "አሁን 45 ይመስላል እንጂ ልቡ 70 ነው" ይላል። አንድ ቀን አሳንሰር ውስጥ ሆኜ በስልክ ስደራደር፣ "የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ስጠኝ፣ እኔ ሁለት ሽማግሌ እሰጥሃለሁ፣ አንደኛው ጉልበቱን ያመዋል ግን ይሠራል" አልኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ያልጫኑትን ፎቅ ላይ ወረዱ።

ይሄው ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስስት፣ ታማኝነት፣ የሥራ ትጋት እያለ የጠባይ ነጥብ ይሰጣል። ምነው ለሥራ አስኪያጆቹም በሰጠልኝ! አንዱ ኮከቡን ለባለቤቱ ወንድም በነፃ ሊሰጥ ሲል ያዝኩት። "ቤተሰብ ነው" አለኝ። ሁለቱ ለሁለት ዓመት ተኮራርፈው ያስታረቅኳቸው እኔ ራሴ ነኝ፣ አሁን በእርቃቸው ሊጉን ሊያፈርሱብኝ።

በሦስተኛው ዘመን መረረኝ። አንድ ሌሊት ተቀምጬ ደንብ ቁጥር 31ን ጻፍኩ። ፋይል ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያልላከ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስሙ በቀይ ተጽፎ ለሁሉም ይላካል፣ የዚያን ሳምንት አሰላለፉንም ኮምፒውተሩ ያወጣለታል። ማስጠንቀቂያው በራሱ እንዲሄድ አድርጌ አቀናበርኩት። ከሥር "በሥራችሁ የምትኮሩ ሁኑ፤ ክቡር ኮሚሽነር" የሚል ፊርማ አስገባሁበት። ደስ አለኝ፣ ላንዲስ ሆንኩ።

ባለፈው ሐሙስ ከልጁ ክርን ጋር ስሟገት፣ ጓደኛዬን ሳጽናና፣ ተተኪ ወርዋሪ ሳፈላልግለት አነጋሁ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ሃያ ሦስት መልእክት። ሃያ ሦስቱም ሳቅ ነው። ወደ ላይ ወጣሁ። በቀይ የተጻፈ አንድ ስም አለ፣ የኔ። ከሥሩም የኔው ፊርማ። ክርኑ የተበጠሰበት ጓደኛዬ ፋይሉን በሰዓቱ ልኳል። የዚያን ማታ የተጋጠመው ከኔ ቡድን ጋር ነበር። ዘጠኝ ለባዶ።