ርእሱ ያብራ እንጂ!

መሃል ከተማ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ደርቀዋል። ደብዳቤያቸው ጥቁር በነጭ ነው። ርእሱ ትንሽ ደመቅ ይላል፣ ከሥሩ አንድ መስመር ይሰመራል፣ በቃ። ውበት ማየት የፈለገ ሰው ወደ ዳር ይውጣ። ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ጀሞ ጫፍ። እዚያ ውሃ በፈረቃ ነው። ታክሲ በሰልፍ ነው። የፊደል ጌጥ ግን ያለ ገደብ ነው።

እስቲ የኮንዶሚኒየሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቁሙ። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ወገቡ ጎብጦ፣ ከቀይ ተነሥቶ በቢጫ አልፎ ሐምራዊ ላይ ያርፋል። ከኋላው ጥላ አለው። ከሥሩ ደግሞ ኩሬ ዳር የቆመ ይመስል ግልባጩ ይታያል። (በዚያ ሳምንት በሰፈሩ የታየው ውሃም እሱ ብቻ ነው።) ውሃው የትኛው ብሎክ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ከታች ተጽፏል። በ9 ቁጥር ፎንት። ርእሱ ገጹን ስለወሰደው ሌላው የተረፈውን ቦታ ተካፍሏል። ደግሞስ ያን የመሰለ ርእስ ያየ ሰው ምን ብሎ ወደ ታች ይወርዳል?

ይህን ጸጋ የሰጡንን ማመስገን ይገባል። በፈረንጆች 1991 ማይክሮሶፍት ውስጥ በተለማማጅነት ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ናቸው ዎርድ አርትን፣ ማለትም በዎርድ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ይህን የፊደል ማስጌጫ፣ የሠሩት። ስኮት ፎርስታል እና ናት ብራውን ይባላሉ። ፎርስታል ኋላ አፕል ገብቶ የአይፎንን ሶፍትዌር መራ። ዓለም የሚያወራለት በአይፎኑ ነው። እኛ ዳር ያለነው ውለታ አንረሳም፤ በመጀመሪያ ሥራው ጸንተናል። ማይክሮሶፍት ራሱ እንኳ ጸንቶ አልቆየም። ዎርድ 2010 ላይ የድሮዎቹን ዲዛይኖች በአዲስ ተካቸው። የእኛ ጸሐፊዎች ግን ፋይላቸው ዛሬም በድሮው የዎርድ 97-2003 ዓይነት የተቀመጠ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፈት 30ዎቹ የድሮ ዲዛይኖች ተሰልፈው ይመጣሉ። ቀስተ ደመናው አለ። ማዕበሉ አለ። ፊደሉን ከላይ ወደ ታች የሚደረድረውም አለ። ቅርስ ጥበቃ ማለት ይሄ ነው።

በዚህ በኩል አባቶቻችን ያሳዝናሉ። ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወራት ተቀምጦ ይጽፋል። ለፊደሉ በእጁ ያለው ግን ጥቁርና ቀይ ነው። ቀዩንም ይቆጥበዋል፤ ለቅዱስ ስም፣ ለምዕራፍ መጀመሪያ። ሐረግ ሲስል ከገጹ አናትና ከዳር ዳሩ ያደርገዋል፤ ፊደሉን አይነካውም። ያን ሁሉ ገጽ ሲጽፍ አንድ ቃል እንኳ አላጎበጠም። ፊደሉ እንዲነበብ ብቻ ነበር የሚጨነቀው፤ ምስኪን!

ደግሞ ፊደላችን ለጥላ የተፈጠረ ነው። የፈረንጅ ፊደል ጥላ ሲደረብበት ያው ፊደል ነው። የእኛው ዘሩን ይለውጣል። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው ጎን ላይ የወጣች ትንሽ ጭረት ናት። «ሲ»ን ከ«ሴ» የምትለየው እግር ሥር ያለች ቀለበት ናት። ጥላ ሲመጣ ሁሉም ፊደል ጭረት ያወጣል። ግሎው (ዳር ዳሩን የሚያበራው) ሲጨመር ቀለበቷ ትደፈናለች። ከዚያ ወረቀቱ ቀለሙ ባለቀ ማሽን ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። ቀስተ ደመናው ግራጫ ይሆናል፤ ፊደሉና ጥላው አንድ ላይ ይዋሐዳሉ። የሚወጣው ነገር አንድምታ የሚያስፈልገው ነው። «ይህ ጎረምሳ ቢያነብልን» ተብሎ ሰው ይጠራል፤ ጎረምሳውም አንብቦ አይስማማም።

ቁጥሩም ከዚህ በረከት ይደርሰዋል። ጥላ የተደረበበት 3 ከርቀት 8 ነው። ስብሰባ በ3 ሰዓት ሲጠራ ግማሹ ነዋሪ ጠዋት ይመጣል፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ። ኮሚቴው ጠዋትም ከሰዓትም አቴንዳንስ ያስፈርማል። ምልዓተ ጉባኤ ሞላ! ተራ ፊደል ይህን ያደርጋል?

የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶችም ምስጋናቸው አይቅር። አንዲት እናት ማመልከቻ ለማስጻፍ ትገባለች።

«ልጄ፣ ቶሎ በልልኝ፤ ኃላፊው ይወጡብኛል።»

«እማማ፣ ርእሱን ላሳምርልዎት?»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ሲያዩት ይደነግጣሉ!»

ልጁ ሥራውን ያውቃል። «ጉዳዩ፦ የውሃ ቆጣሪ እንዲገባልኝ ስለመጠየቅ» የሚለው መስመር በወርቃማ ቀለም ተለብጦ፣ መሃሉ አብጦ፣ ጫፍና ጫፉ ቀጥኖ ሲወጣ በእርግጥ ያስደነግጣል። ኃላፊው አገላብጠው ያዩታል። «ማመልከቻ ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ። ለባልደረባቸው ያሳያሉ። ፋይል ይከፈትለታል። ቆጣሪው እንግዲህ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁሉንም የሚያስንቀው ግን የእድር ማስታወቂያ ነው። ሐዘን ነውና ይጥቆር ያለ ማን ነው? «የሐዘን መግለጫ» ብርቱካናማ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ አብርቶ፣ ባለ 3ዲ ጀርባ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከሩቅ ያየው ሰው የሠርግ ጥሪ ነው ብሎ ፈገግ እያለ ይቀርባል። ቀርቦ ያለቅሳል። ሌላ ሰፈር ለቀስተኛ በር ለበር ነው የሚጠራው፤ እዚህ ጌጡ ራሱ ይጠራል። ድንኳኑ የት እንደተተከለ አልተጻፈም፤ ቦታ አልበቃም። ዳቦ ይዘው የወጡ እናቶች ከብሎክ ብሎክ እየተዘዋወሩ ድንኳን ይፈልጋሉ። እግረ መንገዳቸውን ከጎረቤት ጋር ይተዋወቃሉ። ኮንዶሚኒየም ማኅበራዊ ኑሮ አጠፋ የምትሉ፣ እስቲ ይህን እዩ።

ጌጡ ፕሮጀክተር ላይ ሲወጣማ ነፍስ ይዘራል። የግማሽ ዓመት ሪፖርት ነው። መጋረጃ ተዘግቷል፣ የታሸገ ውሃ ታድሏል። «የ» ከግራ በርራ ትመጣለች። ተሽከርክራ ትቀመጣለች። «ዕ» ትከተላለች። ከዚያ «ቅ»፣ እያንዳንዷ ከነድምጿ። «የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት» ተሟልቶ እስኪቆም ውሃው ያልቃል። ማንም አያጉረመርም፤ ከዕቅዱ ቢያንስ ይህኛው በዓይናችን ፊት ተፈጽሟላ። ቀጥሎ አንድ መቶኛ ይመጣል፤ ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ እየዞረ። የምን መቶኛ እንደሆነ መጠየቅ የፈለገ ሰው ቁጥሩ እስኪቆም ይጠብቃል። አይቆምም። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሪፖርቱ ቀረበ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ካልሄደ ደግሞ የመጨረሻው ስላይድ ይደርሳል፤ ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳዋ በላይ «እናመሰግናለን!!!»። ይህን ሁሉ ሌሊቱን ተቀምጣ ያሰናዳችው ጸሐፊ ከኋላ ወንበር ላይ ናት። ዝርዝሩን ለማስገባት ጊዜ አጥሯት ነው እንጂ ሰነፍ አይደለችም። ኃላፊዋ ረቂቁን ሲያዩ የሰጧት አስተያየት አንድ ነበር፤ «ትንሽ ቀለም ጨምሪበት እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?»

እንግዲህ ርእሱ አምሯል፣ ሰንጠረዡ አምሯል፣ የአድራሻው መስመር ሳይቀር ያበራል። ያልተነካ ነገር ቢኖር ማኅተሙ ነው። እሱም ቢሆን ፊደሉን ዙሪያውን ማጉበጥ ከዎርድ አርት በፊት የጀመረ ነው፤ የጎደለው ጥላ ብቻ ነው። ለዚህም መዝገብ ቤት ያለ አንድ ሠራተኛ መላ አግኝቷል። አንዴ ይመታል፣ እጁን ፈቀቅ ያደርጋል፣ ይደግመዋል።