እርማት፦ የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ገመዱን አይጠብቅም

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ ለሚኒባስህ ሳውንድ ልታስገጥም ስትጠይቅ «አምፕሊፋየሩ የራሱ ፊውዝ አለው፤ ባትሪው ጋ ሌላ አያስፈልግም» ያሉህ ተሳስተዋል። ይህ አባባል መኪና ሊያቃጥል ይችላል።

አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው ራሱን አምፕሊፋየሩን ነው። ከባትሪው ተነስቶ እስከ ኋላ የሚሄደው ቀይ ገመድስ? ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ቀዳዳ ያልፋል። የኮምቦልቻን ቁልቁለት ስትመላለስ ንዝረቱ ገመዱን ከላሜራው ጠርዝ ጋር ያፋትገዋል። ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ላሜራውን ከነካ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል። ያ ኤሌክትሪክ አምፕሊፋየሩ ጋ አይደርስም፤ እዚያ ያለው ፊውዝም አይበጠስም። የሚነደው ገመዱ ነው።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ይሁን። መጠኑም ገመዱ ከሚችለው አይብለጥ። ገመዱ ባለ 4 ጌጅ (ጌጅ የገመድ ውፍረት መለኪያ ነው) ንጹህ መዳብ ከሆነ 100 አምፒር ደህና ነው። የገመዱን ክር በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው፤ ከመዳቡ ስር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነውና የፊውዙን አምፒር ዝቅ አድርግ።

ቀዳዳው ላይም ላስቲክ ይግባበት። ገጣሚው «አብሽር፣ ችግር የለውም» ቢልህ እንኳ ፊውዙን በዓይንህ ሳታይ ሒሳብ እንዳትጨርስ።