አባ ተረት አላወሩም

ባለፈው ክረምት የ7 አመት ልጄን ይዤ ጎንደር ገብቼ ነበር። ተወልዳ ያደገችው ጀርመን ነው፣ አማርኛ ትሰማለች ስታወራው ግን ይሰባበርባታል። የገባን ቀን ማታ አክስቴ «ተረት ተረት» ስትል እኔ ሳላስበው «የላም በረት» ብዬ መለስኩ፣ ልጄ ሳቀችብኝ። ከዛ አያ ጅቦና እመት ጦጢት እስኪጨርሱ አይኗን አልከደነችም፣ መጨረሻ ላይ አክስቴ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ድፎ ቆርሳ ሰጠቻት። በቃ ጨዋታው ገባት፣ ተረት ካለቀ ዳቦ አለ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች መቁጠር ጀምራ ሲሰለቻት ወጣን፣ ቅጥሩ ውስጥ አንድ አባት ቁጭ ብለው ነበርና በ1880 ዓ.ም ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ እዚህ ሲደርሱ የንብ መንጋ ተነስቶ እንዴት እንደመለሳቸው አጫወቷት። እሳቸው ሲጨርሱ እሷ ጮክ ብላ «አፌን በዳቦ አብሱ!» አትል መሰላችሁ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባ አልተቆጡም ግን ፊታቸው ጠቆር አለ፣ «ልጄ ይሄማ ተረት አይደለም» አሉና በጭራቸው ወደ በሩ አሳዩዋት። «በዚያ ነው የመጡ።»

ያቺ ወደ በሩ የጠቆመች ጭራ ናት ሃመልንን ያስታወሰችኝ። ጀርመን ያለች ከተማ ናት፣ አንድ ዋሽንት ነፊ የከተማዋን አይጦች አስወጥቶ ክፍያውን ቢከለክሉት 130 ልጆች ይዞባቸው ጠፋ ይላሉ፣ ቀኑን ሳይቀር ያውቁታል፣ በነሱ ሰኔ 26 ቀን 1284። ልጆቹ ወጡበት የሚባለው መንገድ ላይ ሙዚቃ አይመታም፣ ሰርገኛ እንኳን እዛ ሲደርስ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ቦታና ቀን ያለውን እንዲህ ያለውን ወሬ ጀርመኖች «ዛገ» ይሉታል፣ የኛ አፈ ታሪክ ማለት ነው። ተረቱ «ሜርሸን» ነው፣ የቅዱሳኑ ደግሞ «ሌገንደ»፣ እኛ ገድልና ተአምር የምንለው። ተረት ሰብሳቢዎቹ ግሪም ወንድማማቾች ተረቱን በነሱ አቆጣጠር በ1812፣ አፈ ታሪኩን በ1816 ለየብቻ ነው ያሳተሙት።

እኛም ቃሉ አልጠፋንም፣ ችግሩ «ተረት» ስንል ውሸት ማለታችን ነው፣ «ተረት ተረትህን ተው» አይደል የምንባባለው? ለዛ ነው አባን የከፋቸው። ደግሞ ጎንደር ላይ ነገሩ ይደባለቃል፣ አስጎብኚው ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም ቆረቆረ ሲል ታሪክ ነው፣ ጎሽ እየተከተለ መጥቶ ሲል አፈ ታሪክ ነው፣ ሁለቱን ግን ባንድ ትንፋሽ ነው የሚለው። ዞብል የሚባለው ፈረስ ተቀበረበት የሚሉት ቦታ ስንደርስማ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም ጠፋኝ።

በተረቱ ግን እኛ እንሻላለን፣ ወገንተኛ በሉኝ። ጀርመን ልጄን ሳስተኛ ከመፅሀፍ አነባለሁ፣ «አንድ ጊዜ ነበር» ብሎ ይጀምርና «ካልሞቱ ዛሬም አሉ» ብሎ ያልቃል፣ መሀል ላይ የምትመልሰው ነገር የላትም፣ ዳቦም የለም።

ማታ ደግሞ አክስቴ ጋ ተቀምጣ «አያ ጅቦስ በየት ነው የመጣው?» አለቻት። አክስቴ ሳትስቅ በእጇ ወደ ጓሮ አሳየቻት። «በዚያ፣ ስትተኚ ይጮሃል ትሰሚዋለሽ።» እውነትም ስድስት ሰአት ላይ ጮኸ። ልጄ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ «እማ፣ ተረት ነው አላልሽኝም?»